አንኮበርና አሮጌው ጠመንጃ

ከጎረቤላ ሆኖ የአንኮበርን ቤተ መንግሥት ኮረብታ የሚመለከት ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነገሥታቱን ነው። እኛ ተማሪዎች ግን ለዚህ የበዓል መጽሔት ስንጽፍ፣ አሮጌውን ጠመንጃ እያደሰ ለአገር ያበቃውን የእጅ ሠራተኛ ልናነሣ ወደድን።

የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የጠመንጃን ጥቅም አስቀድመው ተረድተው ነበር። በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሐሪስ ጋር ሲዋዋሉ፣ ከተቀበሉት ገጸ በረከት መካከል የጦር መሣሪያ ይገኝበት ነበር። ይሁን እንጂ ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረው መሣሪያ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ የጣለው ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሬምቦ በ1879 ዓ.ም. በአንኮበር በኩል ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣቸው ወደ 2,000 የሚደርሱ ጠመንጃዎች በአፈሙዝ የሚጎረሱ፣ በአውሮፓ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ነበሩ።

አሮጌውን ማደስ ግን የድኻ አገር ብልሃት ብቻ አልነበረም። እንግሊዞች ራሳቸው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1866 በአፈሙዝ የሚጎረሰውን ኤንፊልድ ከኋላው ቈርጠው፣ የሚከፈትና የሚዘጋ መቈለፊያ ገጠሙለት፤ ይህም እኛ ሰናድር የምንለው ነው። ፈረንሳዮችም በወረቀት ጥይት የሚተኩሰውን ሻስፖ በ1874 ለናስ ቀለህ እንዲስማማ አደረጉት። «ፉዚ ግራ» የተባለው ይኸው ዓይነት በአባቶቻችን አፍ ውጅግራ ሆነ። ውጅግራ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተዋግቷል፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የአርበኝነት ዘመንም ከአርበኞች ትከሻ አልወረደም።

የአሮጌ ጠመንጃ ዒላማ መምታት የሚመሠረተው በጥቂት ነገሮች ላይ ነው። በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ መስመር ጥይቱን እያሽከረከረ ቀጥ አድርጎ ይሰደዋል፤ መስመሩ በዝገት ከተበላ ጥይቱ ይስታል። የኋላው መቈለፊያ በሚገባ ካልገጠመ ተኳሹን ራሱን ይጎዳል። እንጨቱ ከብረቱ ጋር ካልተጣበቀም ጠመንጃው በየተኩሱ ይናወጣል። ስለዚህ አዳሹ የብረትም የእንጨትም ዐዋቂ፣ ትዕግሥተኛም መሆን ነበረበት።

በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ፣ ንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ እንዲሠራ ባዘዙት ጊዜ ከውጭ መግዛቱ እንደሚረክስ ነግሯቸው ነበር ይባላል። ንጉሡ ግን በአገር ውስጥ ተሠርቶ ማየትን መረጡ። ዋጋውን ሳይሆን ዕውቀቱን ፈልገው እንደ ነበረ እንገምታለን።

የሚያሳዝነው ግን ጠመንጃውን ያከበረ ሕዝብ አዳሹን መናቁ ነው። ብረት የሚያቀልጠው ሰው ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ ከእርሱ ጋር መጋባትም ነውር ተደርጎ ይቈጠር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ አዘዙ። ዐዋጁ ቢነገርም ስድቡ ቶሎ አልጠፋም። እኛም በጨዋታ መካከል ይህን ቃል በጓደኛችን ላይ የወረወርንበት ጊዜ እንዳለ ሳንደብቅ እንናገራለን።

እንግዲህ ወደ ኮረብታው በምንወጣበት ጊዜ ጠመንጃ የያዘውን ጀግና ብቻ ሳይሆን፣ በወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ያንኑ ጠመንጃ ያቃናውንም እናስብ። የእጁን ሥራ ወድደን እጁን ብንንቅ፣ ከታሪካችን ግማሹን ሳናነብ ቀረን ማለት ነው።