ለገቢ ዕቃዎች ትክክለኛውን የታሪፍ ምደባ ቁጥር ስለመለየት

ወደ ሀገር የሚገባ ማንኛውም ዕቃ በጉምሩክ ዲክላራሲዮን ላይ በስሙ ብቻ ሳይሆን በተለምዶ «ኤች ኤስ ኮድ» በሚባለው የታሪፍ ምደባ ቁጥርም ይገለጻል። የጉምሩክ ቀረጥና ሌሎች ታክሶች የሚሰሉት፣ ዕቃው ልዩ ፈቃድ የሚጠይቅ መሆን አለመሆኑም የሚለየው ከዚሁ ቁጥር በመነሣት ነው።

ሥርዓቱ በዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሚመራና እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች በሥርዓቱ በሚጠቀሙ ሀገሮች ሁሉ ተመሳሳይ ሲሆኑ ቀጣዮቹን እያንዳንዱ ሀገር ይወስናል፤ የኢትዮጵያ የታሪፍ መጽሐፍ 8 አሃዝ ይጠቀማል። ስለሆነም ላኪው በኢንቮይሱ ላይ የጻፈው ቁጥር ጠቋሚ እንጂ እንዳለ የሚገለበጥ አይደለም።

ምደባ የሚጀምረው ከታሪፍ ቁጥሩ መግለጫና ከክፍሉና ከምዕራፉ ማስታወሻዎች ነው። የምዕራፎች ርዕስ ለፍለጋ ያግዛል እንጂ ሕጋዊ ውጤት የለውም። ማስታወሻዎቹን ሳያነቡ ማለፍ ምን እንደሚያስከትል የተሽከርካሪ መለዋወጫ በሚገባ ያሳያል። አስመጪው ሁሉንም በ87.08 ሥር ለመመደብ ይቃጣው ይሆናል። ፍሬንና ፍሪሲዮን በእርግጥ በዚያ ይመደባሉ። ነገር ግን ጎማ በ40.11፣ የቤንዚን ሞተር በ84.07፣ የናፍጣ ሞተር በ84.08፣ የዘይት ፊልትሮ በ84.21፣ ባትሪ በ85.07፣ ሞተሪኖ በ85.11፣ ስፖኪዮ በ70.09፣ መቀመጫ ደግሞ በ94.01 ይመደባሉ። በአንድ ኮንቴይነር የመጡ፣ በአንድ ሱቅ የሚሸጡ መሆናቸው ምደባቸውን አንድ አያደርገውም።

ተፈታትቶ የመጣ ሙሉ ሞተር ሳይክል የሚመደበው እንደ መለዋወጫ ሳይሆን እንደ ሞተር ሳይክል በ87.11 ነው። አንድ ዕቃ በሁለት ቁጥሮች ሥር ሊገባ የሚችል መስሎ ሲታይ ይበልጥ ዝርዝር መግለጫ ያለው ቁጥር ቅድሚያ ያገኛል፤ ከተለያዩ ነገሮች የተሠራ ከሆነም ዋና ባሕርዩን የሚሰጠው ክፍል ይታያል።

ከዓመታት በፊት የተጠናቀቀን ዲክላራሲዮን እንደ መነሻ መውሰድም ጥንቃቄ ይሻል፤ ሥርዓቱ በየጊዜው ይሻሻላልና። ለምሳሌ ቀድሞ በ8541.40 ሥር የነበረው የፀሐይ ኃይል ፓነል በዓለም አቀፉ የ2022 ዕትም 8541.43 ሆኗል።

የተሳሳተ ቁጥር የቀረጥ ልዩነትና መቀጫ ሊያስከትል፣ ዕቃውም በመጋዘን ሊያቆይ ይችላል። ስለዚህ ምደባው አጠራጣሪ ሲሆን አስመጪው ዕቃው ከመጫኑ በፊት ለጉምሩክ ኮሚሽን የቅድሚያ ውሳኔ ጥያቄ ቢያቀርብ ይመረጣል። ከጥያቄው ጋር የዕቃው ካታሎግ፣ የተሠራበት ቁስ፣ አገልግሎቱና ፎቶግራፉ ቢቀርቡ ውሳኔውን ያቀላጥፋሉ፤ «ልዩ ልዩ መለዋወጫ» የሚል መግለጫ ግን ለምደባ አይበቃም።