ከስትሮክ በኋላ ወደ ጓሮ መመለስ፦ የስትሮክ ዓይነት፣ የማገገሚያ ጊዜና የጌዴኦ ኑሮ

የአንጎል የደም ሥር ተዘግቶ የሚመጣው ስትሮክና አንጎል ውስጥ ደም ፈሶ የሚመጣው ስትሮክ፣ በሽተኛው ሆስፒታል ሲደርስ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ የአንድ ጎን እጅና እግር ይዝላል፣ አፍ ይጣመማል፣ አንደበት ይያዛል። መንገዳቸው የሚለያየው ከዚያ በኋላ ነው። ደም ከፈሰሰባቸው ሕሙማን ከአሥሩ አራት ያህሉ በመጀመሪያው ወር ይሞታሉ። የተረፉት ግን የረጋው ደም እየተመጠጠ በአንጎል ላይ ያለው ጫና ሲቀልላቸው፣ መነሻ ጉዳታቸው እኩል ከነበረ የደም ሥር መዘጋት ሕሙማን ያላነሰ፣ አንዳንዴም የበለጠ ይሻላቸዋል። ስለዚህ «ደም ፈሷል» የሚለው የሲቲ ስካን ውጤት ቤተሰብ ማስታመሙን የሚተውበት ምክንያት መሆን የለበትም።

የመዘጋቱ ዓይነትም በውስጡ ሰፊ ልዩነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የኦክስፎርድሺር ጥናት እንዳሳየው፣ ጥልቅ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ከተዘጉባቸው ሕሙማን ከዓመት በኋላ 60 በመቶው ያለ ሰው እርዳታ ይኖሩ ነበር፤ የአንጎላቸው የፊት ክፍል የደም ዝውውር በሰፊው ከተቋረጠባቸው ግን 4 በመቶው ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኮፐንሃገን ጥናት ደግሞ አብዛኛው መሻሻል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንደሚገኝ አመለከተ።

እነዚህ ቁጥሮች ጌዴኦ ውስጥ ወዳለችው ኮንጋ ሲደርሱ ሌላ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፦ ራስን መቻል እዚህ ምን ማድረግ መቻል ነው? ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የባርቴል መለኪያ መብላትን፣ መልበስን፣ መታጠብን፣ ደረጃ መውጣትን እየጠየቀ እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል። ከይርጋጨፌ በስተደቡብ ባለው በዚህ የቡና አገር የሚወጣው ግን ደረጃ ሳይሆን ዝናብ ያራሰው ዳገት ነው። እንሰት የምትፍቅ ሴት ልጣጩን በዘመመ ጣውላ ላይ ዘርግታ፣ በእግሯ ጫን ብላ ይዛ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትስበዋለች፤ የእግርና የእጅ ጉልበት፣ ሚዛንም ያስፈልጋታል። ቡና ለቃሚ በአንድ እጁ ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጎ በሌላው የቀላውን ፍሬ ይለቅማል። ሙሉ ነጥብ ያገኘ ሰው ሁለቱንም ሥራ ላይችል ይችላል። በአንጻሩ አንድ እጁ የቀረ ሰው ማድረቂያ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ የተበላሸውን ቡና እየመረጠ ማውጣት ይችላል፤ መለኪያው ይህንንም አያይለትም።

ማገገሚያውን ለቤተሰብ ጥለን ማረፍ አንችልም። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የታተመው፣ ሕንድ ውስጥ የተካሄደው አቴንድ የተባለ ሰፊ ሙከራ፣ ቤተሰብን አሠልጥኖ ቤት ውስጥ ማገገሚያ እንዲሰጥ ማድረግ ከተለመደው ክትትል የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል። የቤተሰብ እንክብካቤ ዋጋው ከፍተኛ ነው፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን ግን አይተካም። ዲላ ላይ የተጀመረ ሕክምና ወናጎንና ይርጋጨፌን አልፎ እስከ ቀበሌው ካልተከተለ፣ ውድ የሆኑት ሦስት ወራት ያለ ሥራ ያልፋሉ።

የተገኘውን ብቃት ሊያጠፋ የሚችለው ሁለተኛ ስትሮክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ፕሮግረስ የተባለ ሙከራ፣ ቀድሞ ስትሮክ በነበራቸው ሰዎች ላይ የደም ግፊትን በመድኃኒት ዝቅ ማድረግ ዳግም ስትሮክን በ28 በመቶ እንደቀነሰ አረጋግጧል፤ ጥቅሙ ደም በፈሰሰባቸው ላይ ይበልጥ ጎልቶ ታይቷል። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ቤት ድረስ ሄዳ ግፊቱን ብትለካ፣ መድኃኒቱ እንዳልተቋረጠ ብታይ፣ በመዝገቧም ላይ ከባርቴል ነጥብ ጎን ሁለት ጥያቄ ብትጨምር እላለሁ፦ ዳገቱን ብቻውን ይወጣል? በጓሮው የትኛውን ሥራ ጀምሯል?