ካላውፓፓ፤ ራሱን እንዲመግብ የታሰበው የሕሙማን ሰፈር

ሕሙማንን ከማኅበረ ሰብ ለይቶ ማኖር በብዙ አገሮች የቈየ ልማድ ነው። የተለዩት ሰዎች በምን ይኖራሉ የሚለው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ሰዎቹ ከተለዩ በኋላ ነው። በሐዋይ ደሴቶች መንግሥት ዘንድ ጥያቄው አስቀድሞ ታስቦበት ነበር፤ ሆኖም የታሰበው መልስ ከሰፈሩ እውነተኛ ኑሮ ጋር ሳይስማማ ቀረ።

ንጉሥ ካሜሃሜሃ 5ኛ የሥጋ ደዌን መዛመት ለመከልከል የወጣውን ሕግ የፈረሙት በ1865 ነው (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። የጤና ጥበቃው ቦርድም በሞሎካይ ደሴት ሰሜናዊ ጠረፍ በሚገኘው በካላውፓፓ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ርስት ገዛ። ስፍራው በሦስት ወገን በባሕር፥ በአራተኛው ወገን ሰው በጭንቅ በሚወጣው ታላቅ ገደል የታጠረ ነው። ይሁን እንጂ ምድረ በዳ አልነበረም። ተወላጆቹ ስኳር ድንች እያመረቱ፥ በ1849 ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ለጐረፈው ሕዝብ ሳይቀር ይሸጡ ነበር። በአጠገቡ ባለው በዋይኮሉ ሸለቆ ደግሞ በኢትዮጵያ ጎደሬ የሚባለው ተክል ይለማ ነበር፤ ሐዋውያን ሥሩን አብስለውና ወቅጠው ፖይ የሚሉትን ዋና ምግባቸውን ያዘጋጁበታል። እንግዲህ የቦርዱ አሳብ፥ ሕሙማኑ የለማ መሬትና የተሠራ ቤት ካገኙ አርሰው ይበላሉ፤ ከመጀመሪያው ወጪ በቀር መንግሥትን ብዙ አያስቸግሩም የሚል ነበር።

የመጀመሪያዎቹ 12 ሕሙማን፥ 9 ወንዶችና 3 ሴቶች፥ በጃንዩዌሪ 6 ቀን 1866 ወደ ሰፈሩ ገቡ። የቀድሞዎቹ ባለርስቶች ትተውት የሄዱትን አዝመራ በሉ፤ የሚበቃቸውን ያህል ግን መልሰው አልተከሉም። ሹማምንቱ ነገሩን ከስንፍና ቈጠሩት። ምክንያቱ ግን ከዚያ የጠለቀ ነበር። በመጀመሪያ፥ ሕጉ አጥብቆ የሚፈልገው ደዌው በግልጥ የታየበትን ሰው ነበር። በሽታው ጅማትን ስለሚያደነዝዝ፥ መቈፈሪያ የያዘ እጅ ሲቈስል ሕመሙ አይሰማውም፤ ቍስሉም ይከፋል። ሁለተኛ፥ ጎደሬ እስኪደርስ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ ተክሎ መጠበቅም ነገን ተስፋ የሚያደርግ ሰው ሥራ ነው። ሦስተኛ፥ ምግቡና ውሃው ከሸለቆው ወደ ካላዋኦ መንደር በሰው ጉልበት መጓጓዝ ነበረበት። ስለዚህ ቦርዱ በየጊዜው ምግብ በመርከብ ለመላክ ተገደደ፤ ባሕሩ በተናወጠ ጊዜም መርከቡ ይዘገይ ነበር።

ሰፈሩን በእውነት ያቆመው በዕቅዱ ያልተጻፈ ጉልበት ነው። ሐዋውያን ረዳትን ኮኩዋ ይሉታል። ጤነኛ ሆነው ሳለ የታመመ ባላቸውን፥ ሚስታቸውን ወይም ልጃቸውን ተከትለው የመጡት ኮኩዋዎች አረሱ፥ ውሃ ቀዱ፥ አበሰሉ፥ ሙታንንም ቀበሩ። ቦርዱ ግን አንዳንድ ጊዜ ሲፈቅድላቸው፥ አንዳንድ ጊዜ ይከለክላቸው ነበር። ከእነዚህ አንዱ ዮናታን ናፔላ በ1873 ሚስቱን ተከትሎ ገባ፤ በሰፈሩ አስተዳደር ሠራ፤ ኋላም በዚያው ደዌ ተይዞ በ1879 ሞተ። በ1879 ታሞ የመጣው አምብሮስ ሃቺሰንም ከጊዜ በኋላ ሰፈሩን ለብዙ ዓመታት አስተዳደረ።

የቤልጅግ ተወላጅ የሆኑት አባ ዳሚያን በሜይ 1873 ካላዋኦ ሲደርሱ፥ በዚያው ዓመት ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ አገኘ። መድኃኒቱ ግን ገና ሩቅ ነበር። ዳሚያን ከሕሙማኑ ጋር ቤትና የሬሳ ሣጥን እየሠሩ ኖሩ፤ በ1889 በደዌው ዐረፉ። በ1888 የመጡት እማሆይ ማሪያን ኮፕም የሴቶችን ቤት እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1918 አስተዳደሩ።

በ1946 የሰልፎን መድኃኒት ተጀመረ፤ የመለየቱም ሕግ በ1969 ተሻረ። እስከዚያ ድረስ 8,000 ያህል ሰዎች፥ አብዛኞቹ የሐዋይ ተወላጆች፥ ወደዚያ ተልከው ነበር። ሕዝቡም በሽታውን «የሚለያይ ደዌ» ብሎ ሰይሞታል። ቦርዱ ሰፈሩን የመዘነው በወጪው ነው፤ በዚህ ሚዛን ዕቅዱ አልተሳካም። ነገር ግን ሕጉ ሲሻር ብዙዎቹ በዚያው መኖርን መረጡ። ለመለያ የተመረጠው ምድር፥ ሕጉ የለየውን ቤተ ሰብ ኮኩዋዎች መልሰው ስላቆሙበት፥ አገር ሆኖላቸው ነበር።