ደብዛዛ የከዋክብት ዘለላዎችን መለየትና መመደብ፦ ከጋያ መረጃ እስከ አዲስ አበባ ደቡባዊ ሰማይ

የከዋክብት ዘለላ የሚባለው ከአንድ የጋዝና የአቧራ ደመና በተቀራራቢ ጊዜ የተወለዱና በእርስ በርስ ስበት የተሳሰሩ ከዋክብት ስብስብ ነው። የአባላቱ ዕድሜ፣ ኬሚካዊ ይዘትና ከምድር ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ስለሆነ በመካከላቸው የሚታየው የብሩህነትና የቀለም ልዩነት በዋናነት ከክብደታቸው ይመነጫል፤ የከዋክብትን ዕድገትና ፍጻሜ ለሚያጠና፣ የጋላክሲያችንን የፍኖተ ሐሊብን ታሪክም ለሚመረምር ሰው ዘለላዎች ተቀዳሚ ማስረጃ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። በዓይን ወይም በትንሽ ቴሌስኮፕ የሚታዩት ግን ከጠቅላላው እጅግ ጥቂቶቹ ሲሆኑ፣ የቀሩት በርቀት፣ በአቧራ ወይም ከፊታቸው በተደረደሩ ከዋክብት ብዛት የተሸፈኑ ናቸው። ይህ መጣጥፍ የሚያስረዳው፣ በአሁኑ ዘመን ዋናው ፈተና ደብዛዛ ዘለላን ማግኘት ሳይሆን የተገኘው ነገር በእርግጥ ዘለላ መሆኑንና ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ መወሰን መሆኑን፣ ይህም ሥራ ከኢትዮጵያ ሊሠራ የሚችልና የሚገባው መሆኑን ነው።

የምደባው መሠረት

የፍኖተ ሐሊብ ዘለላዎች በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላሉ። ሉላዊ ዘለላዎች ከአሥር ሺዎች እስከ ሚሊዮኖች የሚደርሱ ከዋክብት ወደ መሐል ተጠጋግተው የያዙ፣ አብዛኞቹም ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ሲሆኑ፣ የሚገኙትም በጋላክሲው እምብርት ዙሪያና ከጠፍጣፋው አካል ውጭ በተዘረጋው ሰፊ ክልል ነው። ልቅ ዘለላዎች ደግሞ ከጥቂት አሥሮች እስከ ጥቂት ሺዎች የሚቆጠሩ ከዋክብት ያሏቸው፣ በአብዛኛው ወጣትና ስበታቸው የላላ በመሆኑ በጊዜ ብዛት የሚበተኑ የጠፍጣፋው አካል ነዋሪዎች ናቸው። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት ቦረናዎች ወራታቸውን ለመለየት ጨረቃን ከሚያገናኙባቸው ከዋክብት መካከል አንዱ፣ እነርሱ ቡሳን የሚሉት፣ በብዙዎች ዘንድ ሰባቱ ከዋክብት ተብሎ የሚታወቀው ልቅ ዘለላ እንደሆነ አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ሥርዓት ባሳተሙት መጽሐፍ መዝግበዋል።

ሃርሎ ሻፕሊና ሄለን ሶየር እ.ኤ.አ. በ1927 ሉላዊ ዘለላዎችን እንደ እምብርታቸው ጥግግት በ12 ደረጃዎች መደቡ። ሮበርት ትረምፕለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930 ለልቅ ዘለላዎች ሦስት መለኪያ ያለው ሥርዓት አቀረበ፤ የመጀመሪያው ዘለላው ከአካባቢው ምን ያህል ጎልቶ እንደሚለይ በአራት ደረጃ፣ ሁለተኛው በአባላቱ መካከል ያለውን የብሩህነት ልዩነት በሦስት ደረጃ የሚገልጹ ሲሆን፣ ሦስተኛው የአባላቱን ቁጥር ከ50 በታች፣ ከ50 እስከ 100 እና ከ100 በላይ ብሎ ይከፍላል። ትረምፕለር በዚሁ ጥናቱ ሩቅ ዘለላዎች ከሚጠበቀው በላይ የደበዘዙት ብርሃናቸውን በከዋክብት መካከል ያለው አቧራ ስለሚውጠው መሆኑን አሳይቷል።

ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ ቢሠራበትም የተመሠረተው በመልክ ላይ በመሆኑ፣ ዘለላው ሲደበዝዝና አባላቱ ሲያንሱ ከአካባቢው ከዋክብት የሚለይበት ምልክት ይጠፋል። ሻርል መሲዬ እ.ኤ.አ. በ1780 መዝግቦት 73ኛ ቁጥር የሰጠው አራት ከዋክብት ያሉት ስብስብ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ በዘለላነት ሲዘረዘር ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ከዋክብቱ በተለያየ ርቀት ላይ የሚገኙ፣ በተለያየ አቅጣጫም የሚጓዙ፣ ከምድር ሲታዩ ብቻ በአጋጣሚ የተቀራረቡ መሆናቸውን አረጋግጧል።

ከመልክ ወደ መለኪያ

የአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ያመጠቀው ጋያ የተባለው መንኮራኩር የፍለጋውን ዘዴ ከሥሩ ለወጠው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ይፋ የሆነው ሦስተኛው የመረጃ ክምችቱ ከ1.8 ቢሊዮን በላይ የብርሃን ምንጮችን ይዟል፤ ከ1.4 ቢሊዮን ለሚበልጡት አምስት መለኪያዎች ተሰጥተዋል። ሁለቱ ኮከቡ በሰማይ ላይ ያለበትን ቦታ፣ ሁለቱ በሰማይ ገጽ ላይ በዓመት ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ያሳያሉ፤ አምስተኛው ፓራላክስ የሚባለው ሲሆን ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ቅርብ ኮከብ ከሩቆቹ አንጻር የሚያሳየው ጥቃቅን የቦታ ለውጥ ነውና ርቀትን ይገልጣል። የእውነተኛ ዘለላ አባላት በሰማይ ላይ ተበታትነው ቢታዩ እንኳ እንቅስቃሴያቸውና ርቀታቸው አንድ ዓይነት ስለሚሆን በአምስቱ መለኪያዎች በሚሠራ ሒሳባዊ ህዋ ውስጥ በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ።

ሲርየስ ከተባለው፣ ከሌሊት ሰማይ ከዋክብት ሁሉ እጅግ ደማቅ ከሆነው ኮከብ አጠገብ ተደብቆ የኖረው ጋያ 1 የተሰኘው ዘለላ የዚህን መረጃ ኃይል ያሳያል። የኮከቡ ነጸብራቅ አካባቢውን ስለሚሸፍን ዘለላው ሳይታወቅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከጋያ የመጀመሪያ መረጃ በተደረገ የከዋክብት ቆጠራ ተገኘ። መጀመሪያ ዕድሜው ከ6 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተብሎ የተገመተ ሲሆን፣ ቀጥሎ የአባላቱ ስፔክትረም፣ ማለትም በቀለማት የተተነተነ ብርሃናቸው፣ ሲመረመር ግምቱ ወደ 3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዝቅ ብሎ ከልቅ ዘለላዎች ወገን መሆኑ ታወቀ። አንድን ዘለላ ማግኘትና ማንነቱን ማወቅ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ኤሚሊ ሀንትና ሳቢኔ ሬፈርት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ዝርዝር፣ ከዋክብት ከአካባቢያቸው በላይ የተጠጋጉበትን ቦታ በራሱ በሚፈልግ የኮምፒውተር ስልት 7167 ዘለላዎችን የመዘገቡ ሲሆን፣ ከእነዚህ 2387ቱ ቀድሞ ያልታወቁ ዕጩዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ዕጩ በሁለት ፈተናዎች ተመዝኗል። የመጀመሪያው ጥግግቱ በአጋጣሚ ሊፈጠር የሚችልበትን ዕድል ያሰላል፤ ሁለተኛው አባላቱን ቀለማቸውና ብሩህነታቸው በሚነጻጸርበት ግራፍ ላይ አስቀምጦ፣ እኩያ ዕድሜ ያላቸው ከዋክብት ሊከተሉት የሚገባቸውን መስመር መከተላቸውን ያጣራል። በሚቀጥለው ዓመት እነዚሁ ተመራማሪዎች የዘለላው ስበት ከጋላክሲው ጎታች ኃይል የሚበልጥበትን ክልል ስፋት በማስላት፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ከታሰሩ ልቅ ዘለላዎች ባሕርይ ጋር የሚስማሙት 5647ቱ፣ ማለትም 79 በመቶው ብቻ መሆናቸውን አሳዩ። ከቀሩት ብዙዎቹ አብረው ተወልደው አብረው የሚጓዙ፣ ነገር ግን በስበት ያልታሰሩ ስብስቦች ናቸው።

ጋያ ይሠራ የነበረው በዓይን በሚታይ ብርሃን በመሆኑ ወፍራም አቧራ ያግደው ነበር። በእንዲህ ያለ አቧራ የተሸፈኑ ደብዛዛ ዘለላዎች የሚፈለጉት አቧራን አልፎ በሚመጣው ኢንፍራሬድ ብርሃን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በስፒትዘር ቴሌስኮፕ የተገኘው ግሊምፕስ ሲ 01 የተባለው ዘለላ የዚህ ዓይነቱ ግኝት ምሳሌ ነው።

በዘለላና በድንክ ጋላክሲ መካከል

ምደባው እጅግ የሚከብደው በጋላክሲው ዳር በሚገኙ ጥቂት ከዋክብት ብቻ ባሏቸው ስብስቦች ላይ ነው፤ እንዲህ ያለው ስብስብ ሉላዊ ዘለላም ድንክ ጋላክሲም ሊሆን ይችላልና። ቤዝ ዊልማንና ጄይ ስትሬደር እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረቡት ብያኔ መሠረት፣ ጋላክሲ የሚባለው በሚታይ ቁሱና በኒውተን የስበት ሕግ ብቻ ባሕርዩ ሊገለጽ የማይችል የታሰረ የከዋክብት ስብስብ ነው። በተግባር ሁለት ምልክቶች ይፈለጋሉ፤ አንዱ የከዋክብቱ ፍጥነት በጣም የተለያየ በመሆኑ የማይታይ ጨለማ ቁስ መኖሩን መጠቆሙ፣ ሌላው የብረት ይዘታቸው መለያየቱ ነው።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ጥናቱ የታተመለት ኡርሳ ሜጀር 3 ከምድር 30 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ፣ ጠቅላላ የከዋክብቱ ክብደትም ከፀሐያችን 16 እጥፍ ብቻ የሆነ ስብስብ ነው። የፍጥነት ልዩነቱ የተለካው በ11 አባላት ላይ ሲሆን፣ ከእነዚህ ሁለቱ ብቻ ከስሌቱ ቢወጡ ልዩነቱ ሊለካ ከማይችልበት ደረጃ ይወርዳል። ከሁለቱ አንዱ የጥንድ ኮከብ አካል ከሆነ ፍጥነቱ በጓደኛው ስበት ሊዛባ ስለሚችል፣ ከፍጥነት አስተማማኝ ማስረጃ የሚገኘው እነዚሁኑ ከዋክብት በተለያዩ ዓመታት ደጋግሞ በመለካት ነው።

ከእንጦጦ እስከ ንፋስ ስልክ ላፍቶ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን የምትርቅ በመሆኗ በደቡቡ የሰማይ ምሰሶ ዙሪያ ካለው ጠባብ ክልል በቀር ሁሉም ሰማይ በዓመት ውስጥ ይታይባታል። የጋላክሲው እምብርት ከደቡባዊ አድማስ 52 ዲግሪ ያህል ከፍ ሲል፣ በዘለላዎች የበለጸገው የካሪና ኅብረ ከዋክብት አካባቢም እስከ 21 ዲግሪ ይደርሳል። በኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ጥረት በእንጦጦ ተራራ ላይ የተተከሉት፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ከባሕር ወለል በላይ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ እንጦጦ በከተማዋ ሰሜናዊ ዳር ስለሆነ ደቡባዊው ሰማይ የሚታየው ከተማዋን አሻግሮ ነው፤ የጀሞ፣ የለቡ፣ የላፍቶ፣ የጎፋና የሳሪስ መብራቶች፣ በጠቅላላው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ብርሃን፣ የሚበተነው ደብዛዛ ዘለላዎች ከሚበዙበት ከዚሁ የሰማይ ክፍል ሥር ነው። ወደ ላይ የሚያመልጥ ብርሃን በአየርና በአቧራ ተበትኖ የሰማዩን መደብ ስለሚያደምቅ፣ ደብዛዛው ኮከብ ከመደቡ የሚለይበትን ልዩነት ያጠብበዋል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ደመናም የምልከታውን ወቅት ያሳጥረዋል።

ስለዚህ የእንጦጦ ድርሻ አዳዲስ ዘለላዎችን ማደን ሳይሆን፣ የታወቁ ዘለላዎችን ደማቅ አባላት በተደጋጋሚ ሌሊት በመለካት ተለዋዋጭ ከዋክብትንና እርስ በርስ የሚጋረዱ ጥንዶችን መከታተል ሊሆን ይገባል። የእነዚህ ጥንዶች ክብደትና ስፋት በቀጥታ ሊሰላ ስለሚችል የዘለላው ዕድሜ በሌላ መንገድ ይፈተሽበታል። ፍለጋውና የመጀመሪያው ምደባ ግን ጥቁር ሰማይ አይጠይቅም። የጋያ መረጃ ለማንም በነጻ ክፍት በመሆኑ፣ በለቡ ወይም በጎፋ የሚኖር የፊዚክስ ተመራቂ ኮምፒውተርና አስተማማኝ የኢንተርኔት መስመር ካገኘ፣ በጀርመኗ ሃይደልበርግ ያለ ተመራማሪ የሚሠራበትን ያንኑ ቁጥር ይዞ ዕጩዎችን ማጣራት፣ አጠራጣሪዎቹን መሰረዝና አባላትን መዘርዘር ይችላል። ስፔክትረም ለሚያስፈልጋቸው ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ እንደሚገኘው ሳልት ካሉ ታላላቅ ቴሌስኮፖች ጋር መተባበር የግድ ነው።

ማጠቃለያ

የደብዛዛ ዘለላዎች ጥናት ዛሬ የሚጠይቀው የማያዳላ ፍርድን ነው፤ ዕጩው ብዙ፣ ማስረጃው ግን ለብዙዎቹ ጥቂት ነውና። ኢትዮጵያ ይህን ፍርድ ለመስጠት የሚያስፈልገው መረጃ፣ ሁለቱንም የሰማይ ንፍቀ ክበብ የሚያሳይ ቦታና የሠለጠኑ ወጣቶች አሏት። የሚቀረው የዩኒቨርሲቲዎች የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች የመረጃ ትንተናን ከመደበኛው ትምህርት ጋር ማዋሐዳቸው፣ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትም የእንጦጦን ሌሊቶች ለረዥም ጊዜ ክትትል መመደቡ ነው። ከተማዋም በደቡባዊ ክፍለ ከተሞቿ አዳዲስ መንገዶችን ስታበራ፣ ብርሃናቸው ወደ ታች ብቻ የሚያርፍና ቀለማቸው ሞቅ ያለ መብራቶችን ብትመርጥ ኃይል ትቆጥባለች፣ ለነዋሪው መንገዱን ታበራለች፣ የአገሪቱ ተመራማሪዎች የሚለኩበትንም ሰማይ ትጠብቃለች።