አሞራውን ማን ይቁጠረው?

ሐዋሳ «አሞራ ገደል» የሚባል የዓሣ ገበያ አላት። እዚያ ሲንጎራደድ የሚውለው አባ ኮዳ ግን ሕዝቡ አሞራ ይበለው እንጂ የንስርና የጭልፊት ዘር አይደለም። ነገራችን ስለ ሌሎቹ ነው፤ መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ ከአውሮፓና ከእስያ ስለሚመጡት አዳኝ አሞሮች።

እነዚህ ክንፈ ሰፊዎች ክንፋቸውን እያራገቡ ሩቅ አይዘልቁም፤ ይደክማሉ። ፀሐይ ያሞቀችው አየር ሽቅብ ሲነሣ እየዞሩ አብረውት ይወጣሉ፣ ከዚያ ወደፊት ይንሸራተታሉ። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር እምብዛም ስለማይገኝ ጠባብ መሻገሪያ ይፈልጋሉ፤ ሱዌዝን ወይም ባብ ኤል መንደብን። ከዚያ ወዲያ ስምጥ ሸለቆአችን ጎዳናቸው ነው።

ይህን በቁጥር ያሳዩን ጂዮፍና ሂላሪ ዌልች የተባሉ እንግሊዛውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987፣ በእኛ በመስከረም ማብቂያና በጥቅምት 1980 ዓ.ም.፣ ጅቡቲ ዳርቻ ተቀምጠው ከየመን የሚሻገረውን ቆጠሩ። በአምስት ሳምንት ገደማ 246,000 ያህል! አብዛኛው ለቆጣሪ ባዳ ይሁን እንጂ የሚከርመው በአፍሪካ ሰማይ ሥር ነው።

ታዲያ ቆጠራ ምን ይፈይዳል? ፖርት ሱዳንን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መሥመር ነበር። ፈረንጆች የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚሏት፣ ነጣ ያለችው ትንሿ ጥንብ አንሳ፣ ምሰሶው ላይ ስታርፍ ይገድላታል። እ.ኤ.አ. በ1982 ሬሳዋ ተገኘ፣ ተጻፈም። እ.ኤ.አ. በ2010 አጥኚዎች ተመልሰው ሲሄዱ አሁንም ትሞታለች። መሥመሩ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት! ቆጥሮ መጻፍ ብቻውን አላዳናትም፤ የሚሰማ ሰው ያስፈልግ ነበር።

በኛስ አገር? የኢትዮጵያ የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ አለ። ይህችው ጥንብ አንሳ ከባልካን አገሮች መጥታ አፋር ላይ ትከርማለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመድባለች። እኛ ዘንድ ጠላቷ ሽቦ ብቻ አይደለም። ለጅብና ለባዘነ ውሻ የተቀመጠውን መርዝ የበላውን ሬሳ እሷም ትበላዋለች።

«ትሙት፣ ጥንብ በሊታ!» የሚል አይጠፋም። እሱ ሕንድን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጥንብ አንሶቿ በሚሊዮን አለቁ፤ ምክንያቱ ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፍናክ የተባለ መድኃኒት መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሬሳው ሜዳ ላይ ቀረ፣ ውሻው በዛ።

እንግዲህ ሁለት ሥራ አለ፤ መቁጠርና ማስረዳት። ለመጀመሪያው ታቦር ተራራ፣ ሁለት ተማሪ፣ አንድ ደብተር ይበቃል። ሁለተኛው ይከብዳል። መርዝ ያስቀመጠው ገበሬ ጥጃው የተበላበት ሰው ነው፤ ስለ አሞራው ከመስበካችን በፊት ስለ ጥጃው እንስማው።