ቦርከና ቁልቁል ሲወርድ፦ ኮምቦልቻ እንዴት ከተማ ሆነች? ወንዟስ?

«ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይላሉ አባቶች። ዛሬ ሁለቱንም ላወራችሁ ነው። ውሃው ቦርከና ነው፤ ነገሩ ደግሞ ኮምቦልቻ።

ስለ ደሴ የማያወራ ወሎዬ የለም። ንጉሥ ሚካኤል አሉ፣ አይጠየፍ አዳራሽ አለ፣ ጦሳ አለ፣ ሰኞ ገበያ አለ። ኮምቦልቻ ስትነሳ ግን የሚከተላት ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «የኢንዱስትሪ ከተማ»። የፋብሪካዎቿ ስም ዝርዝር ይነበባል፣ ወሬው እዚያው ያበቃል። ነገሩን ከሥሩ ከያዝነው ግን መጀመር ያለብን ከፋብሪካው ሳይሆን ከመሬቱ ነው። መንገዱን የጠራው መሬቱ ነው፤ ፋብሪካውን ያመጣው መንገዱ ነው። ወንዙ ደግሞ ሁሉንም ተሸክሞ እስከ ዛሬ አለ። ማንም ግን ዞር ብሎ አላየውም።

▪️ መሬቱ

ቦርከና የሚነሳው ከደሴ በስተሰሜን፣ ከኩታበር አካባቢ ካለው ከፍታ ነው። ደሴ መሃል ይገባል፣ ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል፣ ከዚያ በገደሉ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። መኪና በሐረጎ ጠመዝማዛ እየዞረ የሚወርደውን ዳገት ወንዙ በራሱ ገደል ይወርደዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ያለው ደግሞ 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 600 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ ማለት ነው። ከደሴ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው።

ታች ሲደርስ ወንዙ ይረጋጋል። ከላይ የጎፍ ተራራ ይታያል፣ ከሥሩ ሜዳው ይዘረጋል። ለዮሌና ወርቃ የሚባሉ ትናንሽ ወንዞች የከተማዋን ጎን ይዘው ይወርዱና ወደ ቦርከና ይገባሉ። ከዚያ ቦርከና በሐርቡ በኩል ወደ ደቡብ ወርዶ ከሚሴ አካባቢ ያለውን የጨፋን ረግረግ ያጠጣል። ጨፋ በበጋ ሣርና ውሃ የማይጠፋበት ስፍራ በመሆኑ የአፋር፣ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የአማራ ከብት በድርቅ ጊዜ የሚገናኘው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቦርከና ወደ ዓባይ አይሄድም። ከደሴ በስተምዕራብ ያለው ውሃ ወደ ዓባይ ሲያዘነብል ቦርከና ወደ ሌላው ወገን ዞሮ የአዋሽ ተፋሰስ ይሆናል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ስለዚህ ቦርከና ላይ የተጣለ ነገር «ባሕር ወሰደው» የሚባልበት መንገድ የለም። እዚሁ ይቀራል። ወደዚህ እንመለሳለን።

ስሟንም እንየው። ኮምቦልቻ በኦሮምኛ የቁጥቋጦ ስም ነው፤ በአማርኛ አጣጥ የምንለው እሾሃማው ተክል። ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥም ሌላ ኮምቦልቻ አለች። ስሙ ራሱ ይህ ሜዳ ማን ማን ሲኖርበት እንደነበረ ይናገራል።

▪️ በሁለት ሰኞ መካከል

የድሮ ሰው ከተማ ሲቆረቁር ከፍታ ይመርጥ ነበር። ደጋው ይቀዘቅዛል፣ ጠላት ከሩቅ ይታያል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወባ የለም። ደሴን አፄ ዮሐንስ 4ኛ ስም ሰጧት፣ ራስ ሚካኤል (ኋላ ንጉሥ) መናገሻቸው አደረጓት። ቆላውንና ወይናደጋውን ነጋዴው ያልፍበታል እንጂ መኳንንቱ አይከትሙበትም ነበር።

ነጋዴው ግን የራሱ ካርታ ነበረው። ደሴ ላይ ሰኞ ገበያ አለ። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባቲ ላይም ሰኞ ገበያ አለ። የደሴው የደጋው ገበያ ነው፦ እህል፣ በግ፣ ማር፣ ቅቤ። የባቲው የቆላው መግቢያ ነው፦ አፋር ግመሉንና ጨውን ይዞ ይወጣል፣ ኦሮሞውና አማራው እህልና ከብት ይዞ ይወርዳል። ከባሕር ዳርቻ በአፋር በረሃ አልፎ ወደ ወሎ ደጋ የሚወጣው የጥንት የንግድ መስመር ባቲን ረግጦ ነው የሚመጣው። ባቲን ያለፈ ሁሉ ወደ ደሴ ሊወጣ ሲል ከዳገቱ ሥር ማረፍ አለበት። ዳገቱ ሥር ያለው ሜዳ ኮምቦልቻ ነው።

እንግዲህ ኮምቦልቻ መናገሻ ሳትሆን ማረፊያ ሆና ነው የጀመረችው። በሁለት ሰኞ ገበያዎች መካከል ያለች የዳገት ሥር ሜዳ። መጥፎ አጀማመር አይደለም። ብዙ የዓለም ከተማ እንዲሁ ነው የተጀመረው።

▪️ መንገድና መድፍ

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ያኔ ደሴ ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ደግሞ የጠላት ጦር ከተማዋን ያዘ። ጣሊያን ለአምስት ዓመት ሲቀመጥ ከሠራቸው ሁሉ ለዚህ አካባቢ እጣ የወሰነው አንድ ሥራ ነው፦ ከአሰብ ወደብ በአፋር በረሃ አድርጎ ደሴ የሚደርሰው መንገድ። የአስመራና የአዲስ አበባ መንገድ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ የአሰቡ መንገድ ከምሥራቅ። ሁለቱ የሚገናኙት ከዳገቱ ሥር፣ ኮምቦልቻ ላይ ነው። የነጋዴው የግመል መስመር አስፋልት ለበሰ ማለት ነው።

መስቀለኛ መንገድ ግን ለንግድ ብቻ አይደለም የሚፈለገው። ጦርም ይፈልገዋል። በሚያዝያ 1933 የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር ሆኖ ከደቡብ ሲመጣ፣ የጣሊያን ጦር ደሴን ለማዳን የመሸገው ከኮምቦልቻ በላይ ባለው መተላለፊያ ነበር። ለቀናት ውጊያ ተደረገ። መተላለፊያው ሲሰበር ደሴም ሚያዝያ 18 ቀን ተያዘች። ደሴን ማስከፈት የሚፈልግ ኮምቦልቻን ማንኳኳት አለበት። ይህ ነገር ከ80 ዓመት በኋላም ተደግሟል።

▪️ ፋብሪካዎቹ

ከጦርነቱ በኋላ፣ ከአዋሽ በሚሌ የሚያልፈው አቋራጭ እስኪሠራ ድረስ፣ ከአሰብ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ከባድ መኪና በባቲ ኮምቦልቻ ደርሶ ነበር ወደ ደቡብ የሚታጠፈው። ሹፌር የሚያድርበት ቦታ ምግብ ቤት ይበቅልበታል፣ ጋራዥ ይበቅልበታል፣ ነዳጅ ማደያ ይበቅልበታል።

ቀሪው ሥራ የሜዳው ነው። ደሴ ጦሳና ገደሉ መካከል ተጣብባ፣ ቤት ለመሥራት እንኳ ዳገት መቁረጥ የሚጠይቅባት ከተማ ናት። አውሮፕላን ማሳረፍማ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የደሴ አየር ማረፊያ ኮምቦልቻ ሆነ። ሰፊ ሜዳና ውሃ የሚፈልግ ሥራ ሁሉ እንደዚሁ ታች ወረደ። ሥጋ ማቀነባበሪያው፣ ቆዳ ፋብሪካው፣ በደርግ ዘመን በ1970ዎቹ የተተከለው ጨርቃ ጨርቅ፣ በ1990 ገደማ የመጣው የቢራ ፋብሪካ፣ የቆርቆሮና የብረታ ብረቱ ሥራ፣ ደረቅ ወደቡ፣ ሁሉም ኮምቦልቻ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን እዚያው አደረገ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የኮምቦልቻ ከተማ ነዋሪ 58,667 ነበር፤ የደሴ ደግሞ 120,095። ግማሽ ያህሏ ማለት ነው፤ በፋብሪካ ግን ታላቅ እህቷን በልጣ ሄዳለች።

ሐምሌ 2009 ላይ በ75 ሄክታር መሬት ላይ የተሠራው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ አንድ የቱርክ ኩባንያ በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል እየሠራው ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ፣ ኅዳር 27 ቀን መንግሥት ሁለቱንም መልሶ መያዙን አስታወቀ። በመሃሉ ያለው ዝርፊያ ለማንም የተሰወረ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የኮምቦልቻ የምግብ መጋዘኖች ሲዘረፉ በሁለቱ ከተሞች ርዳታ ማደል እስከማቋረጥ ደርሶ ነበር። ሐዲዱ ባቡር ሳያጓጉዝ ጦርነት አገኘው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ደግሞ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ወጣች፤ ለውጭ ገበያ ልብስ ለመስፋት የተገነባ ፓርክ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ኢኮኖሚስት አያስፈልግም።

▪️ ወንዙስ?

እስካሁን ያልኩትን አንድ ላይ አድርጉት። ኮምቦልቻን ከተማ ያደረጓት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ መንገዱ፣ ሜዳውና ውሃው። ለመንገዱ ጣሊያንም ንጉሡም ደርግም ኢሕአዴግም በጀት መደቡ። ሜዳውን በሄክታር ለክተው ለባለሀብት ሰጡት። ውሃውን ግን ሁሉም እንደ ቱቦ ነው ያዩት፦ አንድ ነገር የሚጣልበት፣ ከዚያ የሚረሳ።

ከላይ ደሴ አለች። ዳገት ላይ የተጣለ ቆሻሻ ክረምት ሲመጣ የሚሄድበት ቦታ አንድ ነው፤ ጎርፉ አጥቦ ቦርከና ይከተዋል። ታች ደግሞ ኮምቦልቻ የራሷን ትጨምራለች። በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. ገደማ ከለዮሌና ከወርቃ ወንዞች ናሙና ተወስዶ የተሠሩ ጥናቶች ታትመዋል። ከቆዳ ሥራ የሚወጣው ፍሳሽ ክሮሚየም፣ ከብረታ ብረቱ የሚወጣው ዚንክ ይዞ ወደ ወንዝ እንደሚገባ አሳይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው፤ ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚለበሰው ዚንክ ነው። የቢራና የሥጋ ፍሳሽ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ጊዜ ከተሰጠው ግን ወንዝ ያጠራዋል። ብረት ግን አይበሰብስም። ደለሉ ውስጥ ይተኛል፣ ክረምት ሲመጣ ከደለሉ ጋር ይነሳል፣ ወደ ታች ይወርዳል።

በበጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የወንዙ ውሃ ሲቀንስ የፋብሪካው ፍሳሽ አብሮ አይቀንስም። ፋብሪካ በጋም ክረምትም ይሠራል። ገበሬው ደግሞ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን በመስኖ የሚያጠጣው በዚያው በበጋ ነው። ውሃው በጣም በሚያንስበት፣ ፍሳሹ በጣም በሚበዛበት ወር።

መጀመሪያ ላይ ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ይሄ ነው። ይህ ውሃ ባሕር አይደርስም። ጨፋ ደርሶ ከብት ይጠጣዋል፣ ማሳ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽ። የደሴ ቆሻሻ የኮምቦልቻ ውሃ ነው፤ የኮምቦልቻ ፍሳሽ የጨፋ ውሃ ነው። የጨፋ ሽንኩርት ደግሞ ተመልሶ ወጥቶ ሰኞ ገበያ ይሸጣል። ዞሮ ዞሮ ደሴ የጣለችውን ደሴ ትበላዋለች።

▪️ ምን ይሁን ነው የምትለው?

ፋብሪካ ይዘጋ አላልኩም። ከጦርነቱ በኋላ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ፋብሪካ መዝጋት ስንት ቤት ምድጃ ማጥፋት እንደሆነ አውቃለሁ። ደግሞም ሕግ አጥተን አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የበከለ ሰው ብክለቱን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ማስገደድ እንደሚቻል ይደነግጋል።

የጎደለው ባለቤት ነው። ቦርከና ከላይ የደሴ ከተማ አስተዳደር ነው፣ ታች የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር ነው፣ ከዚያ የቃሉ ወረዳ ነው፣ ከዚያ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። ሁሉም የየራሱን ድርሻ ያስተዳድራል፤ ወንዙን ግን ማንም አያስተዳድረውም። ወንዝ ደግሞ በቀበሌ ተቆራርጦ አይጸዳም። ላይኛው ካልታጠበ ታችኛው ቢታጠብ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ እነዚህ አስተዳደሮች ለቦርከና አንድ የጋራ ጽሕፈት ቤት ያቋቁሙ፤ በጀቱም የጋራ ይሁን። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ፋብሪካ ፍሳሽ በየወሩ ይለካ፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይለጠፍ። የተደበቀ ቁጥር ማንንም አያስፈራም፣ የተለጠፈ ቁጥር ግን ያስፈራል። ሦስተኛ፣ ደሴ ቆሻሻዋን ከገደል አፍ ታርቅ። ሦስቱም ከባቡር ሐዲድ ይረክሳሉ።

ኮምቦልቻ ከሜዳ ማረፊያነት ተነስታ ከተማ የሆነችው ከላይ የሚወርደውን ሁሉ ተቀብላ ነው። ነጋዴውን ተቀበለች፣ ሹፌሩን ተቀበለች፣ ሠራተኛውን ተቀበለች፣ ጦርነቱንም ሳትፈልግ ተቀበለች። የደሴን ቆሻሻ ግን የመቀበል ግዴታ የለባትም። እሷም የራሷን ወደ ጨፋ የመላክ መብት የላትም።

በቦርከና ዳር ያደጋችሁ፣ ወንዙ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር የምታስታውሱ፣ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን። የት እንደሚዋኝ፣ የት ዓሣ እንደነበር፣ የት ልብስ ይታጠብ እንደነበር። የወንዙን የድሮ መልክ የሚያውቁት እናንተ ናችሁ፤ ካልጻፋችሁት ልጆቻችን ቦርከና ሁልጊዜም እንዲህ የነበረ ይመስላቸዋል።