ጅማት፣ ናይለንና ቅኝት፦ የክራር አውታር ታሪክ

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ እንደ ሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፣ ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያዎች ለረጅም ዘመን አውታራቸውን ያገኙት ከሱቅ ሳይሆን ከከብት በረት ነበር። የማሲንቆ ብቸኛ አውታር ከፈረስ ጭራ የሚወጣ፣ በአንድነት የሚታሰር ፀጉር ሲሆን፣ የክራርና የበገና አውታር ግን ከበግ አንጀት የሚሠራው ጅማት ነው። አንጀቱ ታጥቦና ተፍቆ ስቡ ሲለቅ፣ ገና እርጥብ ሳለ ይከረርና ተወጥሮ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ሲከረር ውፍረቱ ካልተስተካከለ፣ የቱንም ያህል ቢቃኝ የጠራ ድምፅ አይሰጥም።

አማርኛ ዝቅ ያለውን ድምፅ ወፍራም፣ ከፍ ያለውን ቀጭን ማለቱ ከአውታሩ ባሕርይ ጋር የሚስማማ አነጋገር ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሰን እ.ኤ.አ. በ1636 ባሳተመው ሥራ እንዳብራራው፣ አውታር በረዘመና በከበደ መጠን ድምፁ ይወፍራል፣ በተወጠረ መጠን ይቀጥናል። የክራር አምስት ወይም ስድስት አውታሮች በርዝመት ስለሚቀራረቡ፣ ድምፃቸውን የሚለያየው በዋናነት ውፍረታቸውና ከቀንበሩ፣ ማለትም ከላይ ከተጋደመው እንጨት ላይ የሚሰጣቸው ውጥረት ነው።

ክራር እንደ ጊታር ባለ ፍሬት አንገት ስለሌለው፣ ደርዳሪው ዜማውን የሚያገኘው አስቀድሞ ካስተካከላቸው ድምፆች ብቻ ነው፤ ቅኝት የሚለው ቃል አውታርን የማስተካከልን ሥራም፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን የመሰለውን የድምፆች ሥርዓትም በአንድነት የሚሰይመው በዚህ ምክንያት ይመስላል። ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ለመሻገር ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ በግማሽ ድምፅ ማላላት ይበቃል፤ ያን ጊዜ ያው ክራር በሁለት አውታር መላላት ብቻ ፍጹም ሌላ ስሜት ይናገራል።

ጅማት እርጥበት ስለሚስብ ቅኝቱ በቀላሉ ይዛባል፣ ለጎጃም ክረምትም አይመችም። ናይለን እ.ኤ.አ. በ1938 ይፋ ከሆነና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጊታር ላይ የአንጀትን ቦታ ከያዘ ወዲህ፣ ክራርም ወደ ናይለንና ወደ ሽቦ ተሸጋግሯል። ጥቅሙ የማይካድ ቢሆንም፣ የጅማት ለስላሳ ድምፅ ከክራር መራቁ እውነተኛ ጉዳት ነው።

የባህል ባንዶች መስፋፋት ደግሞ ቤዝ ክራርን አመጣ። ይህ ክራር ወፍራም አውታር ተወጥሮለት ዝቅ ብሎ የሚቃኝ ሲሆን፣ ቀጭኑን አውታር አላልቶ ወፍራም ድምፅ መፈለግ አያዋጣም፤ የላላ አውታር ሲመታ ይዋዥቃል፣ ድምፁም ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካዊው የቤዝ ተጫዋች ስታንሊ ክላርክ ያስተዋወቀው ፒኮሎ ቤዝ በተቃራኒው መንገድ የሄደ ነው፤ በቤዝ ጊታር ላይ ቀጫጭን አውታሮች ተወጥረው አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ያው ድምፅ በእጥፍ ቀጥኖ እስኪመለስ ድረስ፣ ከፍ ብለው ይቃኛሉ።

ወፍራሙን ድምፅ በርዝመት ያገኘው ግን ከሁለቱም የቀደመው በገና ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ፣ አሥር አውታሮች ያሉት ይህ መሣሪያ፣ በእያንዳንዱ አውታርና አውታሩን በሚደግፈው ብርኩማ መካከል በምትገባው እንዚራ በተባለች ቁራጭ ቆዳ አማካይነት የታወቀውን ንዝረቱን ያሰማል። ናይለን ወደ በገናም ቢገባ ጅማት ጨርሶ አልተለየውም፤ በብዛት የሚደረደርበት ዐቢይ ጾምም የሚውለው ጅማት እርጥበት በማያገኝበት በበጋ ነው።